የጂሩ ጾም

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሊሊሴዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ የጅማዋ ዶክተር፣

አካም ጅርታ? «ገና ነርስ እንኳ አልሆንኩም» ብለሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ኤሱማሽ፣ የእናትሽ ወንድም፣ የሚሰጠው ማዕረግ ነጻ ነው፤ ግብር ያልተጣለበት እሱ ብቻ ቀርቷል።

አባትሽ «ስለ አዝመራው ብቻ ጻፍላት» ብሎኛል። ጤፉ ደርሷል፣ አጨዳም ተጀምሯል። ይኸው ጻፍኩ። አሁን ያልታዘዝኩትን ልንገርሽ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ቀልድ ብቻ አውርቼ ስለዘጋሁ ነው ደብዳቤውን ለአውቶቡስ ሾፌር የሰጠሁት።

አኖ አጠገብ አባትሽ የሚሠራበት ድንጋይ መፍጫ ለሠራተኞቹ ምሳ ያበላ እንደነበር ታውቂያለሽ። በሐምሌ የሒሳብ ሹሙ ሰበሰባቸውና፣ «ከእንግዲህ ለሠራተኛ የሚሰጥ ጥቅማ ጥቅም ሁሉ ዋጋው ተተምኖ ፔሮል ላይ ይገባል፤ ግብርም ይቆረጥበታል። እኔ ደግሞ የሰው ወጥ ስተምን አልውልም» ብሎ ወጥ ቤቱን ዘጋው። በምሳው ፋንታ፣ ግብሩ ተቆርጦ፣ ደመወዛቸው ላይ ትንሽ ተጨመረላቸው።

አባትሽ «ዕድገት አገኘሁ» እያለ የሚልክልሽ ያንን የምሳ ገንዘብ ነው።

ሌሎቹ ከቤት ምሳ ቋጥረው እየመጡ አንድ ላይ ይበላሉ። ባዶ እጁን ሄዶ ከሰው ቋጠሮ መጉረስ ለአባትሽ ለጂሩ ሞት ነው። ስለዚህ «ጾም ጸሎት ይዣለሁ» አላቸው። እናንተ ጴንጤዎች ደግሞ የሚጾምን ሰው ታከብራላችሁ እንጂ አትመረምሩም። በምሳ ሰዓት ከድንጋይ ክምሩ ጀርባ ብቻውን ሲቀመጥ ከጌታ ጋር የሚነጋገር መሰላቸው። የመፍጫው ሾፌር ነመራ እንኳ «ለሚስቴ ሕመም ጸልይልኝ» ብሎ ለምኖታል። እኔም፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኛ ኦርቶዶክሶቹ ስንት ዘመን የለፋንበትን ጾም በአራት ወር ቀማኸን!» አልኩት። ሳቀ። ሱሪውን በገመድ አስሮ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ላይ ራሱን አዞረውና ወደቀ። ቀኝ እጁን ማሽኑ ያዘው። ሊሊሴ፣ እጁ ተቆርጧል። «ኔትወርክ የለም» እያለ ቶሎ የሚዘጋብሽ ሕመሙን ከድምፁ እንዳትለዪበት ነው።

ነመራ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ «ጌታ የሚጾምለትን ሰው እንዴት ይጥለዋል?» እያለ ሲያለቅስ፣ አባትሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና የምሳውን ነገር ነገረኝ። «ለእነሱ እንዳትናገር። ልጅቷም እንዳትሰማ፤ ፈተና አለባት» አለ።

አሁን ምግብ እምቢ ብሏል። በግራ እጅ መብላት ነውር ነው ይላል። እኔ ባጎርሰው እምቢ፣ ነመራ ቢያጎርሰው እምቢ። «ሰው አላስቸግርም» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። ትናንት ወተት ብቻ ቀመሰ። ሐኪሟ «ቁስሉን አይደለም የምፈራው፤ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ነገር የለም» አለችኝ።

እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች በኋላ አንቺን እያጎረሰ ያሳደገሽ እሱ ነው። ካንቺ እጅ እምቢ አይልም። ይህ ሲደርስሽ በበደሌ በኩል በሚመጣው የመጀመሪያ መኪና ነይ። እኔ እንደጠራሁሽ አትንገሪው፤ የበዓል ፈቃድ ነው በዪው፣ የምን በዓል እንደሆነ እኔ እፈልግለታለሁ።

ፈተናው ሌላ ዓመትም አለ።

ዋቅኒ ሲ ሃ ኤጉ፣ ፈጣሪ ይጠብቅሽ፤ እመቤቴ ማርያምም ትከተልሽ። ሁለቱም አብረውሽ ይምጡ።

ኤሱማሽ ራጉኤል