ክር ማስገቢያው ከመጣ ወዲህ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የዲዛይን ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ዓይንዎም ጉልበትዎም እንደ ማዕረግዎ ከፍ ብሎ እንዲኖርልዎ እመኛለሁ። እኔ አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ በተማሪዎችዎ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ተጠቃሚ ሦስት» እባላለሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለቱ በሕይወት መኖራቸውን ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል።

ሰውን ማዕከል ያደረገ ዲዛይን እንማራለን ብለው አራት ተማሪዎችዎ ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቴ ሲመላለሱ ስለከረሙ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የቀረኝን ቅሬታ ደግሞ እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ልጆቹ የጨዋ ልጆች ናቸው። ግድግዳዬን በባለቀለም ወረቀት አለበሱት፣ ከወንበሬ እስከ መስኮቱ ያለውን ርቀት ለኩ፣ መርፌ ስይዝ ጣቶቼን ቀረጹ። ጎረቤቴን ለምን እንደምጠራ ጠየቁኝ፤ ክር እንድታስገባልኝ ነው አልኩ። እሱንስ ለምን አሉ፤ ዓይኔ ስለደከመ ነው አልኩ። እንዲህ እያሉ «ለምን»ን አምስት ጊዜ ጠይቀው ደብተራቸውን ዘጉ። ስድስተኛ ቢደግሙኝ ኖሮ እውነቱ አፌ ላይ ነበር፤ መመሪያው የሚለው ግን አምስት ነው አሉኝ።

፪. እውነቱ፣ ክቡርነትዎ፣ ክር ማስገባት አላቃተኝም። መነጽሬን ካደረግሁ በአንድ ትንፋሽ አስገባዋለሁ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴን፣ እህቴ የምላትን መምህርት፣ ሰው ናፈቀኝ ብሎ መጥራት ስላሳፈረኝ ነው አመሻሹ ላይ መርፌ ይዤ ከደረጃው አፋፍ የምጣራት። እሷም ክሩን በምራቋ አርሳ ታስገባና፣ ሳትቸኩል ቁጭ ብላ ስለ ባሏ ወገብ ታጫውተኝ ነበር። ለልጆቹም የዋሸሁት እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር ነው። ይህን ጥፋቴን አምናለሁ።

፫. ልጆቹ ያመጡልኝ ክር ማስገቢያ መሣሪያ እጅግ ግሩም ሆኖ ተሠርቷል፤ ዋናው ቅሬታዬም ይኸው ነው። ቁልፉን ገና ስነካው ክሩ ማዶ ይታያል። ጎረቤቴ በርክክቡ ዕለት አጨብጭባ፣ እሰይ ተገላገልሽ ብላኝ ወረደች፤ እነሆ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆናት። አልፈርድባትም፣ ሥራ የበዛባት ሴት ናት። ልጆቹም ጥሩ ውጤት አግኝተው በወጡበት ቀሩ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ትምህርት ክፍልዎ ግን መድኃኒቱን ነቅሎ በባትሪ የሚሠራ ነገር ተካልኝ።

፬. ማክሰኞ ሲመጣ ዛሬም አራት ወንበር እደረድራለሁ። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ብቸኝነት እንደከበደኝ የምነግረው ሰው ባጣ ለእርስዎ ጻፍኩት።

ስለዚህ በሚቀጥለው መንፈቅ ተማሪዎችዎ ቶሎ ቶሎ የሚበላሽና ያለ ሰው እርዳታ የማይሠራ መሣሪያ እንዲፈለስፉልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ለዋሉልኝ ውለታ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እየነሣሁ፣
በማንኛውም ቀንና ሰዓት ከቤቷ የማትታጣው
ተጠቃሚ ሦስት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ሳምንት መሣሪያው ተበላሸ ብዬ ጎረቤቴን ተጣራሁ። እሷም ደረጃውን ሳትወጣ የትምህርት ክፍልዎን ስልክ ቁጥር ከታች ሆና ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ብደውል የተቀዳ ድምፅ አነሣና፣ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካሁ ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር እንድመልስ በትሕትና ጠየቀኝ። አምስትን ተጫንኩ፤ ሌላ የሚጠይቀኝ ስላልነበረም በማግስቱ መልሼ ደወልኩ።