የአራተኛው ክፍል ደንብ

ውድ እታለም፣

ከሄድሽ ሦስት ወር ሆነ። በዚህ ሦስት ወር ውስጥ ስለ አንቺ ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም።

ታውቂኛለሽ፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት የምደግም ሰው ነኝ። የመጋዘናችን መድኃኒት ተበላሽቶ አጣሪ ኮሚቴ ሲቋቋም አንቺ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ መልቀቂያሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። ንጹሕ ሰው እንዲህ አይወጣም አልኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ እንኳ ሰው እንዴት አንድ ቀን አይከራከርም ብሎ ሲገረም ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁት፤ በልቤም መዘገብኩት።

ምርመራውን ለእኔ ሰጡኝ። ያ አብረን የጻፍነው ሲስተም፣ የአሥራ ሁለቱን ቀዝቃዛ ክፍሎች ሙቀት እየተከታተለ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርጉ» የሚለው፣ ያን ቀን ሜሞሪው ሞልቶ ቀጥ ብሎ ነበር የተገኘው። የአራተኛው ክፍል መድኃኒት ሲሞቅ ማንንም አላስጠነቀቀም። ሥራ አስኪያጁ ለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን ተጨማሪ ሜሞሪ ከእንግዲህ አይገኝም ብሎ፣ ያለውን እንዳብቃቃና ማን እንዳስሞላው እንድጽፍ አዘዘኝ።

የሲስተሙን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደንቦች አንድ በአንድ ከፈትኩ። አብዛኞቹ እንዳስተማርሽኝ ነበሩ። ገና አዲስ ሳለሁ ደንቤን ሁሉ «ከማንኛውም ክፍል የሙቀት ንባብ ሲመጣ» ብዬ ስጀምር ወንበርሽን ጎትተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽና፣ «ሁሉንም ጠርተህ በር ላይ ካቆምክ በኋላ አንዱን ብቻ ብታስገባ፣ ሌላው እዚያው ቆሞ ይቀራል። መጀመሪያ የምትፈልገውን ጠይቅ» አልሽኝ። ማሽኑ ግማሹ የተሟላለትን ሁሉ፣ ቀሪው ይመጣ ይሆናል እያለ ይዞ እንደሚጠብቅ የገባኝ ያኔ ነው። ጥቂቶች ብቻ የሚያሟሉትን ሁኔታ አስቀድም፣ ብዙዎች የሚያሟሉትን አስከትል፣ ያለቀለትን ንባብ ወዲያው ሰርዝ። ከአንቺ የወሰድኩት ሙያ ይኸው ነው።

ስለዚህ ደንብ ሁለት መቶ ስምንት ላይ ስደርስ ነገሩ አልጥመኝ አለ። በአንቺ ስም የተጻፈ ነው፤ ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ አንድ መስመር የለውም። የሁሉንም ክፍል ንባብ ሰብስቦ ይጀምራል፣ ከእያንዳንዱ የበር መከፈት ጋር ያጣምራል፣ አራተኛው ክፍል መሆኑን የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። አንዱንም አይሰርዝም። የሜሞሪውን እኩሌታ ብቻውን ይበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺ ሲስተሙን አጥፍተሽ ስታስነሺው ይራገፍ ነበር፤ ፈቃድ በወጣሽበት ሳምንት ግን ማንም አልነካውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ በምሳ ሰዓት አራተኛው ክፍል ሲሞቅ ዋናውን ደወል ለአርባ ደቂቃ አፍኖ በአንቺ ስክሪን ላይ ብቻ ያሳውቃል።

ሌላውን ያስተማረች ሰው ይህን በስህተት አትጽፍም አልኩ። አራተኛው ክፍል ውስጥ ምን ነበራት? ከማን ጋር? ጥበቃውን በዘወርዋራ ብጠይቀው፣ «እሷማ ወደዚያ ዝር ብላ አታውቅም» አለኝና ትክ ብሎ አየኝ። እሱንም ጠረጠርኩት። ከዚያ ደግሞ በምሳ ሰዓት እየደወልሽ «ና እስቲ ይችን እያት» እያልሽ በማይረባ ነገር ከዕረፍቴ ስታስነሺኝ መኖርሽ ትዝ አለኝ፤ ለካ ከመንገዷ ልታርቀኝ ኖሯል ብዬ ደመደምኩ። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብዬ ሪፖርቴን ጽፌ፣ ፈርሜ አስገባሁ። ደንቡንም ሰረዝኩት። ሜሞሪው በግማሽ ቀለለ፣ ሥራ አስኪያጁም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ይህ ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ በምሳ ሰዓት እንደ ልማዴ ከሙቀቱ ሸሽቼ አራተኛው ክፍል ገባሁ። የውስጥ እጀታው ስለተበላሸ፣ ተቆልፎብኝ እንዳይቀር በሩን በካርቶን ቁራጭ ደግፌ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። አንድም ቀን ጥፋት መስሎኝ አያውቅም፤ ግማሽ ሰዓት ምን ያመጣል? ደወሉ ሲጮኽ ሌላ ክፍል መሰለኝ። በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ግን የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ጥበቃውና ሁለት ቴክኒሻኖች ቆመው እኔን ያያሉ። ኃላፊው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ብሎ ካርቶኑን በእግሩ ገፋው።

ውሃ ሆንኩ እታለም። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ፣ ከሪፖርቴ ጋር ባያያዝኩት ቅጂ ላይ ደንቡ የተጻፈበትን ቀን አየሁ። ልጄ የተወለደች ሳምንት ነው፤ ኮንትራቴ ይታደስ አይታደስ የሚባልበት። ያን ሳምንት «ያን በር ተው፣ ያስባርርሃል» ብለሽኝ ስቄብሽ ነበር። ደወሉን አፍኖ እኔን ለመሸፈን በጥድፊያ የተጻፈ ደንብ መሆኑን ማየት ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የደወልሽልኝ ከዚያ ክፍል ልታስወጪኝ ነው። መድኃኒቱ የተበላሸ ቀን አንቺ ፈቃድ ላይ ነበርሽና ማንም አልጠራኝም፤ ከወትሮው ቆየሁ፣ ስወጣም ካርቶኑን ከበሩ ላይ አላነሳሁትም።

ተቆጥቼሻለሁም፣ አልዋሽሽም። ከምትሸፍኚኝ አንገቴን ይዘሽ ብታስወጪኝ ይሻለኝ ነበር። ክፉ ልቤ አሁንም አልተኛም፤ ዝም ብላ የሄደችው እኔ ራሴ እስክደርስበት ለመጠበቅ ይሆናል ይለኛል። እንደዚያም ከሆነ ደርሼበታለሁ።

ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል። የፊተኛው ሪፖርቴ በእጃቸው ነው፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ሁለተኛውም በእጃቸው ይሆናል። ደንብሽ ሜሞሪውን ማስሞላቱን አልደበቅኩም፤ አንቺም እንድደብቅ አትወጂም። በሩን ክፍት የተወው ማን እንደሆነ ግን በስሜ ጽፌዋለሁ። ባለቤቴ አንብባው «ቢያባርሩህስ?» አለችኝ። ያባርሩኝ አልኳት።

ሰኞ ባትመጪም ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ። ከመጣሽ ግን ፊት ለፊቴ ተቀመጪ፤ ስምሽን ያጠፋሁት በሌለሽበት ነው፣ የእኔን ጥፋት ዓይንሽን እያየሁ ልናገር።

የከሰሰሽ ታናሽ ወንድምሽ