ሁለት ጣት አፈር

ትክል ድንጋይ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐዲስ ሐብተ ማርያም፣ ለንደን።

ልጄ ሐዲስ፣ እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ብርድ አጥንትህ ድረስ አልገባም ወይ? እኔ አባትህ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እቀድሳለሁ። ጉልበቴ ብቻ ቁልቁለት ሲያይ ያኮርፋል።

ማስተርስህን መጨረስህን የሚናገረው ቴሌግራም ጎንደር ፖስታ ቤት ሰንብቶ ደረሰኝ። እሰይ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አመሰገንሁ፤ ደስታና ሌላም ነገር ተደባልቆብኝ አለቀስሁ። ለዚያ ትምህርት ስታመለክት ትዝ ይልሃል? «ማስተርስ ምንድን ነው?» ብልህ «ዲግሪ ላይ የሚጨመር ዲግሪ ነው» አልኸኝ። እኔም ዜማ የጨረሰ ተማሪ ወደ ቅኔ ቤት እንደሚሻገረው ነው ብዬ ለእናትህ አስረዳኋት። ስለ አንተ የሚመሰክሩ ሰዎች ከማመልከቻው ጋር ይጠየቃሉ ስትላት ግን ተቆጣች። «ስለ ልጄ ምነው እኔን አይጠይቁኝም? ከኔ ወዲያ ምስክር ከየት ሊያመጡ ነው?» አለች። አንተ ስትስቅባት ሰነበትህ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ለፋሲካ እንደምትመጣ፣ በቀጥታም እዚህ ወጥተህ ችካል ስትተክል ገመድ የያዘልህን ጎረቤታችንን አያ ፋንታሁንን እንደምታመሰግን፣ የጥናት መጽሐፍህንም ለአገሬው እንደምታሳይ ጻፍህልኝ። አይሆንም። ብቻህን ወደዚህ እንዳትወጣ። ምክንያቱን እስካሁን የደበቅሁህ ትምህርትህ እንዳይሰናከል ብዬ ነው፤ አሁን ጨርሰሃልና ስማኝ።

ዝናብ ከየማሳው ምን ያህል አፈር እንደሚወስድ ላጥና ብለህ ያን ግንቦት ስትመጣ፣ በበቅሎ ና ብዬህ ነበር። አንተ ጊዜ የለኝም ብለህ በመንግሥት ማኪና፣ ካኪ ለብሰህ፣ ወረቀት ታቅፈህ መጣህ። ያውም ጎጃም መሬት ሊለካ ነው ተብሎ ሰው በሸፈተበት ዓመት። አንተ «ጥናት ነው» አልሃቸው፣ እነሱ የመሬት መለኪያ ቀላድ ነው አሉ። በሰው ማሳ ገመድ ጥሎ፣ ችካል ተክሎ፣ ቁጥር ጽፎ የሚሄድ ሰው ርስት ሊያስነቅል ካልሆነ ምን ሊያደርግ ይመጣል? እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄ ባትሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ማኪናህ ከዓይን ሳይርቅ ችካሎቹን ነቀሏቸው። የነቀለውም ያው ገመድ የያዘልህ አያ ፋንታሁን ነው። የቀረችው እኛ ጓሮ ያለችው ብቻ ናት። እናትህ አጠገቧ ቆማ «መጀመሪያ እኔን ንቀሉኝ» ስትላቸው ትተዋት ሄዱ። ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ ሄዶ የተራቆተውን የችካሏን አንገት በጣቷ ለክታ «ሁለት ጣት ሄዷል በለው» አለችኝ፤ እኔም ጻፍሁልህ። ቁጥሩ መጽሐፍህ ውስጥ መግባቱን፣ መምህርህም እንደ ወደደው ስነግራት ቀኑን ሙሉ ጣቷን እያየች ፈገግ ስትል ዋለች።

ሰው ግን አኮረፈን። የንስሐ ልጆቼ አንድ ባንድ እየተሰናበቱኝ ወደ ሌላ ቄስ ሄዱ። እሱን ቻልሁት። እናትህን የጎዳት የማርያም ጽዋ ነው። ማኅበሩ ላይ ጽዋውን ተረክባ ለሚቀጥለው ወር የምትደግሰው እሷ ነበረች። ነጠላዋን አደግድጋ ተነሥታ እጇን ዘረጋች። ጽዋው በፊቷ አልፎ አጠገቧ ለነበረችው ሴት ተሰጠ። «ምነው?» አልሁ፤ ቄስ ነኝና የሚሰሙኝ መስሎኝ። አያ ፋንታሁን መሬት መሬት እያየ «ቀላድ ያስገባ ቤት ጽዋ አይገባም፣ አባ» አለ። እናትህ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ቤቷ ገባች። አስቀድማ የወቀጠችው ጌሾ ከነቁናው እንደ ተቀመጠ አለ።

ከዚያ ወዲያ ደጅ መውጣት ተወች። ውኃ ለመቅዳት ብትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሡ ይሄዱባታል። እህል አልወርድ አላት። ጎንደር ሐኪም ዘንድ እንውሰድሽ ብላት «ምኔን ይለካልኝ?» አለች። ሐዲስ እንዳይሰማ ብላም አስማለችኝ።

ባለፈው ኅዳር ግን ሰው ሁሉ መጣ። ግቢው አልበቃ አለ። የንስሐ ልጆቼም መጡ፣ የጽዋው ማኅበርተኞችም መጡ። አያ ፋንታሁን የነቀላቸውን ችካሎች በጠፍር አስሮ፣ ተሸክሞ አምጥቶ ደጃፌ ላይ አወረዳቸው። «አባ፣ እኛ ከባለቤትዎ ከባንቺአየሁ ጋር ምን ጠብ ነበረን? መሬታችን እንዳይሄድብን ፈርተን ነው እንጂ» ብሎ ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። ይፍቱኝ አለኝ። እግዚአብሔር ይፍታህ አልሁት፤ ቄስ ምን ይላል? ልቤ ግን እስካሁን እሺ አላለኝም፤ ይህንንም ለራሴ ንስሐ አባት ነግሬያለሁ። ለምን እንደ መጡ አትጠይቀኝ። በወረቀት የሚነገር ነገር አለ፣ የማይነገርም አለ።

ስለዚህ ስትመጣ ጎንደር፣ ቀሐ፣ አክስትህ ሽታዬ ቤት እረፍ። እራትህን በልተህ በደንብ ተኛ። በማለዳ እኔና ዘመዶችህ እንመጣለን። ምነው በማለዳ አትበለኝ። ከዚያ አብረን ወደ ላይ እንወጣለን።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ልወቅስህ አይደለም። እሷም አልወቀሰችህም። «ልጄ አፈራቸው እንዳይሄድባቸው ብሎ ነው፤ አንድ ቀን ይገባቸዋል» ስትል ነበር፣ እስከ መጨረሻው።

አሁን ያለፈውንም ክረምት እናቴ ትለካልኝ ብለህ ነበር። ሰሞኑን እኔ ወጥቼ ለካሁት፤ ሦስት ጣት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። የእኔ ጣት ግን ወፍራም ነው፤ ከእሷ ጋር እንዳታደባልቀው።

ከለካሁ በኋላ ችካሏን ነቀልኋት። ሥራህን እንዳበላሸሁ አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ወስጄ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከወይራው ሥር ተክያታለሁ። እዚያ አፈሩ ገና አዲስ ነው። ክረምት ሲመጣ እንዳይወስደው ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሬበታለሁ።

ገመድህን እዚያው ተወው፣ እጅህን ብቻ ይዘህ ና። ማርያም በሰላም ታግባህ፤ ከዚህ ሁሉ ለቅሶ በኋላ በአንተ ትካሰኝ።

አባትህ
ቄስ ሐብተ ማርያም