ኔትቦል ሜዳው ላይ የተበተኑት ልጆች

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ጎረቤቴ ኖዚፖ ተሽሏታል። የጉልበቷ እብጠት ጎድሎ ዛሬ ራሷ ልብስ ስታሰጣ አየኋት። ትልቋ ልጇ መንታ ተገላግላለች፣ ሁለቱም ሴቶች! ትንሹ ልጇ ላንጋ «አጎት ሆንኩ» እያለ ሰፈራችንን ምዳንጻኔን አዳረሰ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሲስቅ ግን የአምስት።

የምሠራበትን ክሊኒክ ጠርጌ ስጨርስ ሉቩዮ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። ወንድ ለሚወዱ ወጣት ወንዶች ኤች አይ ቪን ይከላከል እንደሆነ የሚጠና መርፌ አለ፤ ተሳታፊ የሚመዘግበው እሱ ነው። ከከተማ የሚፈለገው ሰው ሞልቷል። ከኛ ሰፈር ሦስት ብቻ! እስከ ወር መጨረሻ ሃያ ካልሞሉ ጥናቱ ከዚህ ይነሳል።

«የት ፈለግሃቸው?»

«በየእግር ኳስ ሜዳው፣ እማማ።»

ሳቄ አመለጠኝ። «አንተ! የኛ ልጆች እኮ ከሴቶቹ ጋር ኔትቦል ነው የሚጫወቱት። ቅዳሜ ና።»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

ጉድ ሆንኩ! መጣ... ግን «ኤች አይ ቪ» ተብሎ በትልቁ በተጻፈበት መኪና! ሜዳው ጥግ ድረስ። ልጆቹ ጭልፊት እንዳየ ጫጩት ተበተኑ።

ላንጋ ደጄ ድረስ መጥቶ ተቆጣኝ። «አክስቴ፣ ከዚያ መኪና አጠገብ የታየ ሰው በማግስቱ ‹ታሟል› ነው የሚባለው!»

እውነቱን ነው። እንዴት አላሰብኩም?

እሁድ፣ ግንቦት 11

ወንድሜ ምዙኪሲ ትዝ ብሎኝ ዋለ። እሱም እንደነሱ ነበር። ያኔ መርፌ የለ፣ መድኃኒት የለ... ሠላሳ ሳይሞላው ቀበርነው። አሁን ደግሞ እነላንጋ? አይሆንም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ለሉቩዮ ነገርኩት። «መኪናውን ተወው። በታክሲ፣ ቁምጣ ለብሰህ ና። መጀመሪያ ተጫወት።»

«ኔትቦል? እኔ?»

«ምነው፣ ክብርህ ይቀንሳል?»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

የሉቩዮ ቡድን ሠላሳ አንድ ለአራት ተሸነፈ። ኳሷ በእጅ ተወርውራ ቀለበት ውስጥ የምትገባበት፣ ይዞ መሮጥ የማይፈቀድበት ጨዋታ ነው፤ ሰውዬው ግን ታቅፏት ይሮጣል! ላንጋ፣ «ወንድም፣ ወዴት ትወስዳታለህ? ልታገባት ነው?» ቢለው ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከዚያ ብርቱካን እየላጡ በጥያቄ አጣደፉት። ያማል? መሃል ላይ ብተውስ? አልዋሸም። መቀመጫ ላይ ነው፣ ሁለት ቀን ያማል። መሥራቱ ገና እየተጠና ነው። የፈለገ በፈለገው ቀን ይተዋል። ስም ለማንም አይነገርም።

«እሷስ?» አለ ላንጋ ወደኔ እየጠቆመ። «አንተን አይደለም የምንፈራው። አክስቴ ኖሊታን ነው! በሩ ላይ መጥረጊያ ይዛ የምትቆመው እሷ ናት፤ ያየችውን ደግሞ ማታውኑ እማዬ ትሰማዋለች።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ... ግን ወጋኝ። ለካ እኔም መኪናው ነኝ!

«አፌን እይዛለሁ» አልኳቸው። ማን ያምነኛል?

አርብ፣ ግንቦት 30

ሃያ አራት! ጥናቱ እዚሁ ይቆያል። ሉቩዮ ኬክ ገዛ።

ከሰዓት ኖዚፖ መጣች። ወንበር ሳትስብ፣ «ስሚ፣ ላንጋ እናንተ ክሊኒክ ይመላለሳል አሉ?» አለችኝ።

ምላሴን ነከስኩ። «እኔ የማየው ወለሉን ነው፣ እቴ። የሰው ፊት አላይም።»

«ለኔ ለእናቱ?»

«ለማንም።»

አየችኝ፣ አየችኝና በሳቅ ፈነዳች። «ራሱ ነግሮኛል፣ ማንን እንደሚወድም ጭምር። ‹አክስቴን ጠይቂያት፣ ምንም አትነግርሽም› ብሎ ተወራረደኝ። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነሽ፣ በአንቺ የተነሳ ስሸነፍ የመጀመሪያዬ ነው!» አለች።