ማሰር የሚፈልገው ጭዱ ነው

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2011፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ሁለተኛውን ወንበር ጨረስኩ። ቀይ ሸራ፣ ጥቁር ክር። የመኪና ወንበር ልብስ ስሰፋ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እንደ ልጄ መኪና ያሰለቸኝ የለም። አሮጌ ዲኤክስ። ለሚ ደመወዙንም ዕረፍቱንም ለእሷ ይሰጣል። እናት ወረፋ ትጠብቅ።

ደብተር፣ ዛሬ አዲስ ቃል አለኝ። ኮፈን። የሞተር ክዳን ማለት ነው። መጀመሪያ «ከፈን» ብዬ ጻፍኩት። ተከራዬ መ/ት አስቴር አየችና ክው አለች። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት።

«እትዬ ወርቄ፣ በልጅሽ መኪና ላይ የሬሳ ጨርቅ? ‹ኮ› ነው፣ ‹ኮ›!»

ሰረዝኩት። ልዩነቷ አንዲት ቀለበት ናት። በስተርጅና ፊደል የቆጠረ ሰው እንዲህ በቀለበት ይሰናከላል።

ለሚ ያመጣው ኮፈን ፋይበር ነው። የድሮው ብረት ወገብ ይቆርጥ ነበር፤ ይህን በአንድ እጄ አነሳሁት። ሰፌድ። መኪናዋ ቀለል ብላ እንድትሮጥ ነው አለኝ። እሁድ ጉደር ሜዳ ላይ ውድድር አለ። እሁድ! ቀን የጠፋ ይመስል።

ሰፌድ ነፋስ ይወዳል አልኩት። ሳቀ። የአባቱ ሳቅ ነው። ያን ሳቅ አልወደውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6፤ ከምሳ በኋላ

የመኪናዋ የፊት መስታወት የሸረሪት ድር ሆኗል። ለሚ ድንጋይ ነው አለ፤ ከፊቱ የሚሄድ የጭነት መኪና አፈናጥሮበት። ዝም ማለትን ትዳር አስተምሮኛል። ባሌ ደብዳቤ ሲያነብልኝ ግማሹን ይውጠው ነበር፤ በጉሮሮው ሲወርድ አየው ነበር። ልጁም ይውጣል።

ድንጋይ ከሆነ ኮፈኑ ለምን ተሰነጠቀ? ማጠፊያዎቹስ ለምን ወደ ኋላ ተጣመሙ?

ነገ ኦቦ ገመቹ ጋ እሄዳለሁ። የለሚን መኪና የሚሠራው እሱ ነው። ውሸት አይችልበትም፤ ጆሮው ይቀላል።

ሐሙስ፣ የካቲት 7፤ 8 ሰዓት

ጆሮው ቀላ።

«አዴ ወርቄ፣ እኔን አትጠይቂኝ። ላልናገር ምዬለታለሁ።»

«እንግዲያው ለእኔም ማልልኝ። ድንጋይ ነው በል።»

አልማለም። ቁልፉን አስቀምጦ ነገረኝ። ማክሰኞ ለት ከጉደር ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ኮፈኑ ከፊት ተነሳ። ተገልብጦ መስታወቱን መታ። ከፊቱ ምንም አይታየውም። በጎን መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ፍሬን እያሻሸ፣ ዳር ያዘ። ከፊቱ ከብት ቢኖር። ሕፃን ቢኖር። ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት የዘይት ጣሳ ላይ መሆኑን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ቀሚሴን ሳይ ነው።

ምክንያቱ ይኸው፤ እንዳልረሳው ልጻፈው። የድሮውን መንጠቆ አዲሱ ኮፈን ላይ በሁለት ቡሎን መቱት፣ አበቃ። ብረት ቢሆን ይችለው ነበር። ነፋሱ ከሥር ገብቶ ሲያነሳው ግን መንጠቆው ፋይበሩን ቦጭቆ ወጣ።

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። ከእንጭኒ ገበያ በአህያ ይጭን ነበር። እኔን ትምህርት ቤት አላስገባም፤ ሴት ደብዳቤ ለማን ልትጽፍ ነው አለ። ጭነት ግን አስተማረኝ። ጤፉን ክብደቱ ያስቀምጠዋል፤ ማሰር የሚፈልገው ጭዱ ነው ይል ነበር። ይህንኑ ለገመቹ ነገርኩት። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ይህን ዩኒቨርሲቲውም አያስተምር፣ አዴ።»

«እኔንም አላስተማረኝ።»

ስንጥቁን ከሥር በፋይበር ደርቦ ይደፍነዋል። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ፒን ያቆማል። ፒኑ የሚቆመው በመኪናዋ ብረት ላይ ነው። በኮፈኑ ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ አናቱ ላይ ፀጉር ማስያዣ የምትመስል ሽቦ ትሰካበታለች። በየቀዳዳው ዙሪያ ከላይም ከሥርም ላሜራ፤ ፋይበሩ ብቻውን እንዳይሸከም።

ሽቦዋ አለመረሳቷን ከሩቅ እንዴት አውቃለሁ አልኩት። ቤት መጣሁና ከቀዩ ሸራ አራት ምላስ ቆረጥኩ፤ ለየሽቦው አንዳንድ። እንደ አውራ ጣት አጭር፣ ነፋስ እንዳይጎትተው። አራት ቀይ ተሰክቶ ከታየ ሂድ። ሦስት ከታየ ቁም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9፤ 7 ሰዓት

ተሠራ። መስታወቱም ተቀየረ። ለሚ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይም። ፒኖቹ መልኳን አበላሹ ብሎ አጉረመረመ። መልክ! ገመቹ መጀመሪያ በዝግታ ንዳ፣ ቆመህ ኮፈኑን ግፋው፣ ቀጥለህ ፍጠን፣ ደግመህ ግፋው አለው። እንደዚያው አደረገ። ኮፈኑ ንቅንቅ አላለም።

ሁለቱም ወደ ጉደር ሄዱ፤ እዚያ ያድራሉ። ስትደርስ ጻፍልኝ፣ አትደውል አልኩት። ማንበብ እችላለሁ። ሰው ይወቅልኝ።

አሁን ማታ 3 ሰዓት ነው። አልጻፈም።

እሁድ፣ የካቲት 10፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ቤት የገባሁት አሁን ነው። በተራ ልጻፈው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። ቁጥሩ የለሚ አይደለም፤ የማላውቀው ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ታ። ስ። ሯ። ል። ቀጥሎ፦ አታስቢ።

ታስሯል። አታስቢ።

ደብተር፣ ያን ጊዜ አንተ አልነበርክም። ከሦስት ዓመት በፊት ለሚን ከመንገድ አንስተው ወሰዱት። አሥራ አንድ ቀን በየበሩ ቆምኩ። አንዱ በር ላይ የስም ዝርዝር ተለጥፏል፤ እኔ ዓይን እያለኝ ዕውር። አንድ ሰው አንብብልኝ አልኩት፤ የለም ብሎኝ ሄደ። ለካ ነበረ። ሦስተኛው መስመር ላይ። ስንቄን ይዤ ተመለስኩ፣ ልጄ ጦሙን አደረ። ፊደል የቆጠርኩት ለዚያ ነው። ለመጽሐፍ አይደለም። ለአንድ በር ነው።

እና ዛሬ፣ በራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያው መልእክት ይህ።

ለሚ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው፤ የማላውቀው ቁጥር ላይ መደወል ፈራሁ። ያን ጊዜ የወሰድኩለትን ብርድ ልብስ ከሳጥን አወጣሁ። ምሳ ዕቃ ሞላሁ። መነኸሪያ። ጉደር። ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ። አንዲት ወጣት ፖሊስ መዝገብ ላይ ተቀምጣለች።

«ለሚ ለገሰ እዚህ አለ?»

አገላበጠች። «የለም፣ እማማ።»

«ወዴት አሳለፋችሁት?»

«ዛሬ ያሰርነው ሰው የለም። አንድ በሬ ነው ያለው። እሱም የሰው ማሳ ገብቶ ነው።»

አላመንኳትም። የለም ሲሉኝ አላምንም፤ ልማዴ ነው። ስልኬን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ፦ አንብቢ! አነበበች። ፊቷ ከበደ። ወደ ቁጥሩ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ። የሞተር ጩኸት። ቀጥሎ የገመቹ ድምፅ።

«ለሚ የት ነው የታሰረው?» አለችው።

«ማ? ለሚ? ኧረ ኮፈኑ ነው! አራቱም ታስሯል ብዬ ለእናቱ ጻፍኩላት! የልጁ ስልክ ባትሪ ጨርሶ፣ እኔም በሰው ስልክ ነው!»

ልጅቱ ግንባሯን መዝገቡ ላይ ደፋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብላ በኦሮምኛ ብትጽፉትም ያው ነበር አለችኝ፦ ሂዻሜ ነው የሚባለው፣ ለኮፈንም ለሰውም። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ልቅሶ ነው። ውኃ ሰጠችኝ። በሬውን ላስፈታልሽ ወይ አለች። ያኔ ሳቅኩ።

ሜዳው ቅርብ ነው፤ በእግሬ ሄድኩ፣ ብርድ ልብሱን እንዳንጠለጠልኩ። ገመቹ ከሩቅ አይቶኝ ከመኪናዋ ኋላ ተደበቀ። ለሚ እየሳቀ መጣ።

«አዮ፣ ለአንድ ቀን ውድድር ብርድ ልብስ?»

ቀረበና አየው። ጠርዙን በሰማያዊ ክር የጠቀምኩት ያው ብርድ ልብስ ነው። ሳቁ ቆመ። ምሳ ዕቃውን ከእጄ ወሰደና መሬት ተቀምጦ በላ። ሁሉንም። ሲጨርስ ማክሰኞ ለት መዋሸቱን ነገረኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ከዚያ ሄዶ ኮፈኑን ገፋው፣ አራቱንም ጥግ፣ እኔ እያየሁ። አራት ቀይ።

አቧራ፣ ጩኸት፣ ዙሪያ ጥምዝ። ዓይኔ ከቀዮቹ አልተነቀለም። ስንተኛ ወጣ? አልጠየቅኩም። ኮፈኑ ከመኪናዋ ጋር ተመለሰ።

ሰኞ፣ የካቲት 11፤ ጠዋት 2 ሰዓት

ተኛሁ። እንደ ድንጋይ። እንዲህ የተኛሁበትን ቀን አላስታውስም። ጉልበቴ እንኳ ዝም ብሏል።

ገመቹ ለይቅርታ መጣ። ቆብ በእጁ። ሌላ ቃል ፈልግ አልኩት። ሦስታችን ከአስቴር ጋር ፈለግን።

«ተቆልፏል?» አለ።

«በላዩ ላይ ነው በር የሚቆለፍበት።»

«ተይዟል?»

«ወጊድ!»

ተጠፍሯል? ያ ይብሳል። ለካ በዚህ አገር አንድ ነገር አጥብቀህ ያኖርክ እንደሆነ ቃሉ ሁሉ ወህኒ ነው። ቆይ። አጥብቀህ! ጮኽኩ፦ «ጠብቋል! ጠብቋል ይጻፍልኝ!»

አስቴር አጨበጨበች። ቃሉ ሁለት ነው አለችኝ። «ብ» ሲላላ ቡሎኑ ጠብቋል ነው። «ብ» ሲጠብቅ ደግሞ አንዱ ሌላውን ጠብቋል ነው፣ እረኛ ከብቱን እንደሚጠብቅ። ሲጻፍ ግን አይለይም።

አይለይ። ፊደል ባለመለየቱ አንድ ጊዜ እንኳ እኔን ይጥቀመኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ለሚ አዲስ ዓለም ይሄዳል፤ መኪናዋን ለጓደኞቹ ሊያሳይ። ትናንት አብረሽኝ ነይ አለኝ። ከፊት ወንበር። ራሴ የሰፋሁት ወንበር ላይ አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ለሰው ስሰፋ ነው የኖርኩት። አስብበታለሁ አልኩ።

አሁን ስልኬ ጮኸች። ከግቢው በር ነው የጻፈው፣ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ። በጣቴ ሳልከተል አነበብኩ፦

ጠብቋል። ነይ።

እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን ቀዮቹን እቆጥራለሁ፤ አራቱንም በእጄ እገፋለሁ። ይጠብቀኝ። ጥሩምባውን እየነፋ ነው፣ ጎረቤት ሊያስነሳብኝ።

ብርድ ልብሱ ሳጥኑ ውስጥ ይቅር።