ኮርቻው እና የወንጪ ተራ

ሰኞ

ኮርቻው ተመለሰ። ሌሊሳ በጆንያ ጠቅልሎ፣ አምቦ ላይ መኪና ቀይሮ፣ ከወንጪ ጉደር ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ድረስ ይዞት መጣ። ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ቁጭ አለ።

ወንጪ ሐይቅ የሚወርዱ ጎብኚዎች ፈረስ ይከራያሉ። የፈረሶቹ ጀርባ በእንጨት ኮርቻ ተገጥቦ ቆስሎ ሲያዩት ያሳዝናል። ሌሊሳ የእንስሳት ሕክምና፣ እኔ የእንስሳት እርባታ ተማሪ ነን፤ ጀርባ የማይጎዳ የቆዳ ኮርቻ ሠርተን የግቢውን የሥራ ፈጠራ ውድድር አለፍንበት። ሥልጠናው ላይ «ከአንድ ደንበኛ ጀምሩ» ስለተባልን ቢራቱ ለሚባል ባለፈረስ ሰጠነው። ጎብኚ ሁሉ የቢራቱን ፈረስ ካላመጣችሁ ይል ጀመር። እዚያ ግን ፈረስ የሚወጣው በተራ ነው፤ ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ይቀድማል፣ የመጣውን ጎብኚ ይወስዳል፣ አለቀ። በኛ ኮርቻ ተራው ተበላሸ። ተራ አስከባሪው ኦቦ ቱሉ ጥቂት ታግሠው፣ ኮርቻውን ለሌሊሳ በአክብሮት መለሱለት።

አንተ የአገሩ ልጅ አይደለህም እንዴ፣ የተራውን ነገር እንዴት አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። «ከአንድ ሰው እንጀምር ያለው ማን ሆነና?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

ሐሙስ የውድድሩ ገምጋሚዎች ወንጪ ወርደው ሥራችንን ያያሉ። ካለፍን ከምረቃ በኋላም ወርክሾፑ የኛ ነው። ካልሆነ ቁልፍ አስረክቤ ደብረ ብርሃን ቤተሰቦቼ ጋ መግባቴ ነው። አባዬ ለኔ ሥራ ፍለጋ የወረዳውን ማስታወቂያ ሰሌዳ መመልከት ከጀመረ ሰነባብቷል።

ማክሰኞ

የግቢው ሥራ ፈጠራ ማዕከል አስተባባሪ ሰምቶን ሳቀ። የግቢው እርሻ ፈረስ አለው፣ ኮርቻውን እሱ ላይ ጫኑ፣ ገምጋሚዎቹን መንገዱ አይመችም ብዬ እዚሁ አስቀራቸዋለሁ አለን። አልዋሽም፣ ልቤ ወደዚያው አጋደለ። ኮርቻዬ ያምራል። ስፌቱን በእጄ ነው የጨረስኩት።

አማካሪያችን ዶክተር ሰናይት ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «እዚህስ ታልፋላችሁ። ስትመረቁ ለማን ልትሸጡ ነው?» አሉ።

ማታ ሳስበው፣ ግቢው የሰጠን ብዙ ነው። የቆርቆሮ ክፍል። ፔዳሉ የሚንጫጫ ስፌት ማሽን። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፤ እሱ የማይከፍተው በር የለም። የዶክተር ሰናይት ትዕግሥት። መጀመሪያ ወንጪ ሄዳችሁ ከሰዎቹ ጋር ዋሉ ያለን ግን የለም። ይሄስ የሚሰጥ ነገር ነው ወይ? ለሁሉም ነገር ሥልጠና ካልተሰጠን ማለትም ነውር ነው።

ነገ እንሄዳለን። ሌሊሳ አሁንም አኩርፏል፤ ግን ቆሎ ገዝቶልኛል።

ረቡዕ

ወንጪ ጉም ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ባለፈረሶቹ ቁልቁለቱ አናት ላይ ተሰብስበዋል። «አካም ቡልተኒ»፣ እንደምን አደራችሁ አልኩ በተሰባበረው ኦሮምኛዬ፤ ሳቁብኝ፣ ግን ቦታ ለቀቁልን።

ኦቦ ቱሉ ምንም አልተቆጡም። ይልቅ አዴ ጫልቱን አሳዩን። ባላቸው ሞቶ አንድ ዳማ ፈረስ የቀራቸው ሴት ናቸው። ፈረሱ አርጅቷል፤ ተራ ባይኖር ማንም አይመርጠውም። ኮርቻችን ቢራቱ ጋ ሲውል እሳቸው ቆመው ውለው ባዶ እጃቸውን ይገቡ ነበር። አፈርኩ።

ታዲያ ኮርቻው በየተራው ከፈረስ ፈረስ ይዙር አልኩ። ሌሊሳ ወዲያው ተቃወመ፤ ለአንዱ ጀርባ የተሠራ ሌላውን ይገጥባል። እንደገና ተጣላን፣ ሰው ፊት። አዴ ጫልቱ ከኮርቻቸው ስር ያነጠፉትን ያለቀ ጆንያ አውጥተው እያራገፉ ነበር። ሁለታችንም አየነው። ፈረሱን የሚጎዳው ከስር ያለው ነው። ኮርቻው የራሳቸው ይሁን፤ እኛ ከስሩ የሚነጠፈውን ድልዳል ብንሰፋስ? ጎብኚ አያየውም፣ ተራ አያበላሽም። የዳማውን ጀርባ ለክተን ተመለስን።

ለድልዳሉ የሚሆነው የበግ ፀጉርና ለስላሳ ቆዳ ግን ያለው ኮርቻው ውስጥ ብቻ ነው። ውድድሩን ያሳለፈንን ኮርቻ በገዛ መቀሴ ፈታሁት። አለቀስኩ። ሌሊሳ ሳያሾፍብኝ ክሩን ሲመዝ አመሸ። እኩለ ሌሊት ላይ የዳማው ድልዳል ተሰፍቶ አለቀ።

ሐሙስ

በጠዋት ቀድመን ደረስን። ዳማው ሲጫን ዞሮ ይናከስ ነበር አሉ፤ ዛሬ ድልዳሉ ሲነጠፍለት ጆሮውን እያንቀሳቀሰ ዝም ብሎ ቆመ። ገና አንድ ቀን ነው፣ ቁስሉ ይድናል አይድንም አናውቅም። ይህንኑ ለገምጋሚዎቹ ነገርናቸው።

አንደኛው የውድድሩን ፎቶ ከስልኩ አውጥቶ «ይሄኛው ኮርቻ የት አለ?» አለ። ፈታነው አልኩ። ለምን እንደሆነ ስናስረዳ ፊቱ አልተፈታም። በመጨረሻ «ጎብኚ የማያየውን ነገር ማን ይገዛላችኋል?» አለን።

ሌሊሳ ጥያቄውን ለባለፈረሶቹ በኦሮምኛ አዞረላቸው። አዴ ጫልቱ ልጓሙን እንደያዙ መለሱ፤ ሌሊሳ ተረጎመው። «እኔ እገዛለሁ። ግን ለሁላችንም ከሰፉ ነው።»

አብረውን የመጡት ዶክተር ሰናይት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ዓርብ

ውሳኔው መጣ። ወርክሾፑ እስከ ጥር ብቻ ተፈቅዶልናል፤ ከዚያ ድጋሚ ግምገማ። ማለፍ ይባል መውደቅ አልገባኝም። አስተባባሪው የግቢውን ፈረስ እምቢ በማለታችን ቅር ብሎታል። ኦቦ ቱሉ ደግሞ ባለተራዎቹ ተመካክረው የሁሉንም ፈረስ ጀርባ እንድንለካ ፈቅደዋል ብለው ደወሉ። ድልዳሉ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ይሁን፣ ቀለሙም ጭምር ብለዋል።

አባዬ ጋ ደወልኩ። ለአሁኑ አልመጣም አልኩት። የኮርቻውንና የድልዳሉን ነገር ነገርኩት። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ። «ድልዳሉ ውስጥ የምትከቱት የበግ ፀጉር ከየት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ጨርሰናል፣ እየፈለግን ነው አልኩት።

«እዚህ ሞልቷል» አለ። «ምን ያህል ልላክ?»