«ጭንቀት ጭንቀት ነው» ላሉት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የቴልማር ካውንቲ ጤና ቦርድ ሰብሳቢ፣ ለአቶ ሃርላን ቪክሪ፤

ትናንት ዓርብ በእሳት አደጋ ጣቢያው የዓሣ ጥብስ ግብዣ ሰልፍ ከኋላዎ ቆሜ ሳለሁ፣ ባልንጀራዎን «ወዳጄ፣ ጭንቀት ጭንቀት ነው፤ ለእነዚያ ልጆች ለብቻቸው ስልክ ምን ያደርግላቸዋል?» ሲሉት ሰማሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? እኔ መቀመጥ እምቢ ስላለኝ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለጋዜጣው የምጽፈው ቆሜ ነው።

ንግግርዎን እንደ ወረደ ተቀብያለሁ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪና ትራንስ የሆኑ ወጣቶች ሕይወት ሲመርራቸው የሚደውሉበትን የስልክ መስመራችንን ዘግተው ከጠቅላላው የጭንቀት መስመር ጋር ስላዋሃዱልን እያመሰገንኩ፣ ጥቃቅን ቅሬታዎቼን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እኛ በጎ ፈቃደኞች አስቀድመን የምንጠይቀው «ማን ብዬ ልጥራህ?» ቀጥሎም «መልሼ ብደውል ማን ያነሳል?» ብለን ነበር። እናት ካነሳች የልጁ ምስጢር እንዳይወጣ «ከቦውሊንግ ጨዋታ ቡድኑ ነው» እንላለን። ከመካከላችን ቦውሊንግ የሚችል ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ አዲሶቹ ሠራተኞችዎ ትጉሃን ናቸው። ሴት ተብሎ ያደገና ወንድነቱን ለእኛ ብቻ የነገረን ሮዋን (ስሙን ቀይሬዋለሁ፤ እኛ ዘንድ ልማድ ነው) ሰኞ ዕለት መኖር እንደታከተው ሊነግራቸው ደውሎ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰው ደወሉ፤ ምስጋና ይግባቸው። አባትየው አነሳ።

«ሮዋን አለ?»

«የምን ሮዋን? እዚህ ያለችው ሴት ልጄ ናት።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ከጭንቀት መስመሩ ነው። ልጅዎ ወንድ ነኝ ብሎን ነበር።»

ሠራተኛዋ ራሷ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። በትሕትናዋ በኩል እንከን አላገኘሁባትም።

ሦስተኛ፣ ሮዋን በዚያው ዕለት ስልኩን ጥሎ ከቤት ወጣ፤ እስካሁን ያለበት አይታወቅም። አውቶቡስ ጣቢያውን፣ መናፈሻውን፣ የትምህርት ቤቱን ጓሮ ስዞር ሰንብቻለሁ፤ አሁንም ፊርማዬን እንዳኖርኩ እወጣለሁ። በነገራችን ላይ ይህ የእኔ ጭንቀት ነው። የእርሱ ሌላ ነበር። ሁለቱን አንድ ያደረጉበትን ጥበብ በቀጣዩ የቦርድ ስብሰባ ቢያስረዱን፣ ወንበር ይዘን እንመጣለን።

በጨነቀዎ ጊዜ የሚያነሳልዎ ሰው ማን እንደሆኑ እንዲያውቅ ከልብ የምመኝልዎ፣

ማርዳ ኦልስቴድ
በደግነትዎ ከአገልግሎት ያረፍኩ በጎ ፈቃደኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ካስረከብኩ በኋላ ዜና ደረሰኝ። ሮዋን በሕይወት አለ፤ ከሰው ጋር ነው። የት እንደሆነ ለቦርድዎ አልናገርም። የደወለው ለጎረቤት ካውንቲ ነው፤ እነርሱ ለእነዚያ ልጆች ያቆሙትን ስልክ አልዘጉም።